በሁዳዴ በክንዴ የበላሁት ጥጃ

እኔ ጅል ነኝ። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃ አለኝ። ሌላው ልጅ በአሥር ዓመቱ ጥጃ ለቆ ላሚቱን ያስጠባና ይገረፋል፤ እንቁላል ይሰርቅና ይገረፋል። እኔ በአሥር ዓመቴ ሐኪም ሆንኩ። የሠራሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያከምኩትም አንዲት በሽተኛ ብቻ ነው። እሷም ብትሆን እኔ እስካክማት ድረስ ጤነኛ ነበረች።

ሰሞኑን እንጅባራ ብቅ ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ እስር ጧፍ ገዛሁና ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሻጯ ታየኛለች።

«ጋሼ፣ እሱ የሚበራ ነው፤ የሚሸተት አይደለም» አለችኝ።

እሷ ምን ታውቃለች! የሰሙ ሽታ ክንዴን አሳከከኝ። ግራ ክንዴን፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠባሳ ያለችበትን ቦታ። ያ ሽታ የአያ ስንሻው ቀርከሃ ሽታ ነው።

አያ ስንሻው ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛ ቤትና የእሳቸው ቤት በአንድ የቀርከሃ አጥር ነው የሚለያዩት። ዛሬ እንጅባራ የምንላትን ከተማ ያን ጊዜ ኮሶ በር ነበር የምንላት፤ መንደራችን ከሷ ወደ ዘንገና ሐይቅ ሲኬድ ነው። ሽማግሌው ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። ከቤታቸው ምሰሶ ላይ አንድ ስንዝር የምትሆን የቀርከሃ ቀፎ ተንጠልጥላለች። ሁለቱም አፏ በሰም ተደፍኗል። ለማንም አያስነኩም። እኛ ልጆች በውስጧ ጋኔን ታስሯል እንል ነበር፤ እሳቸውም «የለም» ብለውን አያውቁም።

እውነቱ ሌላ ነው። አያ ስንሻው በጉልበታቸው ዘመን ከታቢ ነበሩ። ፈንጣጣ አገር ሲገባ፣ በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሹን በጥጥ ይወስዳሉ፤ በዚያች ቀፎ ይዘው ይሄዱና የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርገው ያስነኩታል። የተከተበው ትንሽ ይታመማል፤ ከዳነ ፈንጣጣ ዳግም አይደፍረውም። ካልዳነ፣ ያው አልዳነም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ሥራውን ትተውት ነበር። ለምን እንደተዉት በመንደሩ የሚናገር የለም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ፈንጣጣ ከእኛ ብዙ የማትርቀው ጥርባ ደረሰ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሁሉ ጠርጣራ ሆነ። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። በየደጁ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጋደመ፤ አትግቡ ማለት ነው። ሰላምታ እንኳ ከሩቅ ሆነ፤ ያውም ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ታይቶ። ከግምጃ ቤት ገበያ የመጣ ሰው «ደህና ናችሁ?» ሲል እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቱን ታጠናለች። አንድ ቀን የጨው ነጋዴ አፍንጫው ላይ ቡግር ወጥቶበት መጣ። አባቴ ከአጥር ውስጥ ሆኖ «ያችን ነገር መቼ ነው ያወጣሃት?» እያለ ሲመረምረው ሰውዬው ሊያለቅስ ደረሰ። ጨውም አልገዛነውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንች ያለ ጨው በላን። ድንች ያለ ጨው በሁዳዴ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው።

አባቴ የመንደሩ ጭቃ ሹም ነበር። እሱ የጠረጠረውን መንደሩ ሁሉ ይጠረጥራል፤ እሱ በሩን ከዘጋ ሁሉም ይዘጋል። ስለዚህ አባቴን ምን እንደሚያስጠረጥረው ማወቅ ትልቅ ነገር ነበር። አላወቅሁም። ለዚህ ነው ጅል ነኝ ያልኳችሁ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ማለት ነው፣ መጣ። ከዳንግላ ነው የተላከው። ካኪ ኮት፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ፔርሙስ። ሳጥኑን ይከፍታል፣ ፔርሙሱን ግን ከጉያው አይለይም፤ ፀሐይ እንዳይነካው በኮቱ ይሸፍነዋል። እኔ ወዲያው ጠረጠርኩ። ሰው ፔርሙስ እንዲህ የሚያቅፈው ደም ቢኖርበት ነው አልኩ።

ሌላ ትልቅ ጥርጣሬም ነበረኝ። ባለፈው ዓመት የከብት መርፌ የሚወጉ ሰዎች መጥተው የተወጋውን ከብት ሁሉ ጆሮ እየበሱ ምልክት አድርገውበት ነበር። የኛ በሬ ደም በአንገቱ ሲወርድ አይቻለሁ። እንግዲህ ከብት ከተከተበ ጆሮው ይበሳል፤ ተማሪም ከተከተበ ጆሮው ይበሳል። ሒሳቡ ልክ ነው። ስለዚህ ነጠላዬን በጆሮዎቼ ላይ ጠምጥሜ፣ ከአገጬ ሥር አስሬ፣ እንደ አሮጊት ሆኜ ተራዬን ጠበቅሁ።

«ጆሮህን ያምሃል?» አለኝ ድሬሰሩ።

«አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የጠመጠምከው?»

«ምንም።»

«እሺ፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

አሃ! ክንዴን ይዞ ሲያዘናጋኝ ሌላው ከኋላ መጥቶ ሊበሳኝ ነው። አንገቴን አዙሬ ኋላዬን ስጠብቅ ክንዴ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገኝ።

«አለቀ።»

«ጆሮዬስ?»

«ጆሮህ ምን ሆነ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ክረምት ድረስ ስሜ ጆሮዬስ ሆነ።

ድሬሰሩ ሲጨርስ አስተማሪያችን ቆመና ስለ ጤና አስረዳን። በሰውነታችን ውስጥ ወታደሮች አሉ አለ። በሽታ ሲገባ ይዋጉታል። ይህ ክትባት ደካማውን ጠላት አሳይቶ ያለማምዳቸዋል፤ ኋላ ብርቱው ሲመጣ ያውቁታል። ወታደር ደግሞ ስንቅ ይፈልጋል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ።

አንዱ እጁን አነሳ። «በሁዳዴስ?»

አስተማሪው ትንሽ አሰበና «ባቄላ» አለ።

«ወታደሮቹ ምን ይለብሳሉ?» አልኩ እኔ።

«አይለብሱም። ነጭ ናቸው።»

ሌላው ደግሞ ድሬሰሩን ጠየቀው፦ «መድኃኒቱ ከምንድን ነው የሚሠራ?»

«ከጥጃ» አለ ድሬሰሩ፤ ፔርሙሱን እያቀፈ። «ጥጃ ላይ ይበቅላል፣ ከዚያ ይጣራል።»

እነዚህን ሁሉ እንደ ማር በአፌ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። የተማረ ሰው መሆኔ ይታይልኝ ብዬ ነው። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የዳማ ፈረሱን ልጓም ይጠግናል።

«አባባ፣ ተከተብኩ!»

ክንዴን ይዞ አገላበጠው። «ምን አስገቡብህ?»

«ጥጃ።»

ልጓሙ ከእጁ ወደቀ። «ምን አልክ?»

«የጥጃ ነው መድኃኒቱ። በደሜ ውስጥ ደግሞ ነጭ ወታደሮች አሉ፤ እነሱን ያለማምዳቸዋል።»

እናቴ ከውስጥ የሰማችውን ሰምታ ወጣች። አባቴ ክንዴን ለቀቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ «አምስት ዓመት ጫካ ያደርኩት ነጭ ወታደር ከአገሬ ላስወጣ ነው። አሁን በልጄ ክንድ ገባ?»

«ኧረ እሱስ ይቅር» አለች እናቴ፤ «በሁዳዴ ጥጃ! ልጄን አስገደፉት!»

የነፍስ አባታችን ዘንድ ተወሰድኩ። ቄሱ ክንዴን አዩት፣ አሸተቱት፣ አሰቡበት። በአፉ ያልገባ ነገር ጾም ይገድፋል ወይ? እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። በመጨረሻ «ልጅ ነው፣ አያውቅም። አርባ ይስገድ፤ የቀረው ሰው ግን ፋሲካ እስኪያልፍ አይከተብ» አሉ። ሰገድኩ። ቤት ስመለስ እናቴ የምበላበትን ገበታ ለይታ ጠበቀችኝ፤ ክንዴ እስኪድን የፍስክ ሰው ነኝ። ትሁን የምትባለው ታናሽ እኅቴ፣ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፣ መጣችና ክንዴን አተኩራ አየችው።

«ጥጃው ከውስጥ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ምን ይበላል?»

«ባቄላ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሦስት ፍሬ ባቄላ ታመጣልኝና እንድውጥላት ታደርግ ነበር።

በቅዳሜው ድሬሰሩ መንደራችን መጣ። የቀርከሃው በር ተዘግቷል፤ አባቴ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ። የመንደሩ ሰው በየአጥሩ ሥር ቆሞ ያዳምጣል።

«ጭቃ ሹም፣ ልጆቹን ልክተብ ነው የመጣሁ።»

«ፋሲካ ሲያልፍ ና።»

«ፈንጣጣው ፋሲካን አይጠብቅም እኮ!»

«ጥጃህስ ጾም ያውቃል?»

«ጌታዬ፣ ይህ ሥጋ አይደለም...»

«ሥጋ ካልሆነ ምንድን ነው? ቅጠል ነው? ከጥጃ የሚወጣ ቅጠል አሳየኝ።»

ድሬሰሩ ፔርሙሱን አቅፎ ቆመ። ፀሐዩ እየበረታ ነው፤ መድኃኒቱ እንደሚበላሽበት ያኔ አልገባኝም፤ ከፍርሃት የተነሳ የሚያልበው ነበር የመሰለኝ። ይህን ጊዜ አያ ስንሻው ከአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«የኔ ልጅ፣ ከጥጃ ነው ያልከው? ከሰው አይደለም?»

«ከሰው አይደለም፣ አባቴ።»

«የተከተበው ልጅ በሽታውን ወደ ሌላው አይጥለውም?»

«እንደ ሰዉ ፈንጣጣ አይሰራጭም።»

አያ ስንሻው ወደ አባቴ ዞሩ። ከዚያ «ታከለ» አሉ አባቴን፣ «ልጅቷን አስከትባት።»

አባቴ ዞረ። «እርስዎ? ሙያዎን ለሌላ ሰው ሰጥተው? ምን ቢሰጥዎ ነው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን መለሱ። ድሬሰሩም ሄደ። የመንደሩ በር ሁሉ እንደተዘጋ ቀረ፤ አንድም ልጅ አልተከተበም። ያን ሁሉ በር የዘጋው የኔ ምላስ ነው። የገባኝ ግን ሰኞ ዕለት ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ቤት፣ ያ ነገር መግባቱ ሲሰማ።

ትሁንን አየኋት። ደጅ ላይ ተቀምጣ ለጥጃዬ ባቄላ ትፈለፍላለች።

ወደ አያ ስንሻው ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ።

«አያ፣ ትሁንን ይክተቧት።»

«አልከትብም።»

«ለምን?»

መሰንጠቁን አላቆሙም። «ልጅ ነበረችኝ። በትሁን ዕድሜ። ከቀላል በሽተኛ ነበር የወሰድኩላት፤ ሁልጊዜ ከቀላል ነው የሚወሰድ። ባገር ያለውን ልጅ ከትቤ የራሴን እንዴት ልተው? ከተብኳት።» ቢላዋው አንድ ጊዜ ቆመ። «በዘጠነኛው ቀን ቀበርኳት።»

አሥር ዓመቴ ነው። «ታዲያ ቀፎዋን ለምን አይጥሏትም?» አልኩ።

«እንዳልረሳ» አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ሥራው ከንቱ አይደለም፣ ተማሪ። ሰውነት እንደ ውሻ ነው። አንዴ የተናነቀውን ሌባ ጠረኑን አይረሳም። ችግሩ ለማለማመድ ያስገባኸው ሌባ ራሱ ውሻውን የገደለው እንደሆነ ነው። ደካማ ሌባ ነው የሚፈለገው።»

ደካማ ሌባ። ከቀላል በሽተኛ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ከተከተብኩ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ክንዴ ላይ ያለችው ነገር አብጣ፣ መሐሏ ጎድጉዳ፣ ዕንቁ መስላለች። ትኩሳቱ አንድ ቀን ብቻ ነው የያዘኝ፤ ያን ቀንም ብይ ተጫውቻለሁ። ከእኔ የቀለለ በሽተኛ ከየት ይመጣል? ዓለም ሁሉ ተከፍቶ ታየኝ። እንዲህ ብልህ ሆኜ የተሰማኝ ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም፤ በሕይወቴ ትልቁን ስሕተት ልሠራ ስል ነው ማለት ነው።

ከአጥሩ ሥር ካለው ቀጋ አንድ እሾህ ሰበርኩ። ትሁንን በረመጥ የበሰለ ድንች አሳይቼ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

«ጥጃዬን ላካፍልሽ ነው።»

ዓይኗ በራ። «ለኔም?»

«ለማንም አትናገሪም።»

«ለማንም።»

«ለእማስ?»

«ለእማ ብቻ።»

«ለእማም አይሆንም!»

ድንቹን አየችና ተስማማች። እሾሁን በራሴ ቁስል ነከርኩ፤ ወዳጆቼ፣ እንዳትጠይቁኝ፣ አሁንም ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል። የሷን ክንድ ሦስት ጊዜ ጫርኩ። አላለቀሰችም። ድንቹን ገመጠችና «ቀንድ አለው?» አለችኝ።

ለጥቂት ቀናት ምንም የለም። ከዚያ ጫፏ ቀይ የሆነች ነጥብ ወጣች። ከዚያ አበጠች። በሳምንቱ ትሁን እሳት ሆነች። እናቴ ቀሚሷን ገልጣ ክንዷን ስታይ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዘንገና ሐይቅ ሳይደርስ አልቀረም።

«ከተቧት! ልጄን ሰው ከተባት!»

ይህ ቀልድ አልነበረም። በድሮው መንገድ የተከተበ ሰው በሽታውን ለሌላ ይሰጣል። መንደሩ ሁሉ ከቤታችን ሸሸ። በሩ ላይ ሌላ እሾህ፣ ይኸኛው ከውጭ፣ ተጋደመ። እና ማን ከተባት? በአካባቢው አንድ ከታቢ ነው ያለው። አባቴ ምንሽር ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። አያ ስንሻውን እጃቸውን ይዞ ጎትቶ አመጣቸው።

«ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ?»

አባቴ እሳቸውን «አንተ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አያ ስንሻው ተንበርክከው የትሁንን ክንድ አዩ። በጣታቸው ዙሪያውን ነካ ነካ አደረጉ። የተጫረው ጠማማ ነው፤ አንዱ ጭረት ረዥም፣ አንዱ አጭር። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ነኝ። እጄ በእጅጌዬ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ክንዴ ወረደ፤ ተመልሶ ወደ ፊቴ ወጣ።

ተናገር፣ አልኩ ለራሴ። አፌ ተከፈተ። ያች በር ሁሉ የዘጋች ምላስ ያን ቀን ሥራ ፈታች።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ስንሻው።

እናቴ ፊቷን ነጨች። አባቴ «ልጄ ብትሞት...» ብሎ አልጨረሰውም።

«ብትሞት ከደጅህ አታጣኝም» አሉ። ወጡና የቀርከሃው በር ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ሦስት ቀን ተቀመጡ። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ ይተፋል። «ካገር ይውጣ» የሚሉ ነበሩ፤ «የገዛ ልጁን የበላ!» ያሉም ነበሩ። ሰምተዋል። ጋቢያቸውን ትንሽ ሳብ አደረጉ።

እናቴ ውኃ እንኳ እንዳይሰጣቸው አዘዘች። እኔ ድንች በጉያዬ ደብቄ እወስድላቸዋለሁ። ያስቀመጥኩትን ሳያዩኝ ያነሳሉ።

«ጨው የለውም» አሉኝ አንድ ቀን።

«ጨው የለንም፣ አያ።»

«አባትህ ሲጠረጥር እስከ ጨው ነው» አሉና ድምፅ የሌለውን ሳቃቸውን ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሊናገሩኝ የሚገባቸውን እየጠበቅሁ ነበር፤ አልተናገሩኝም። እሱ ከግርፊያ ይብሳል።

ትሁን ከአጥሚት በቀር እንዳይሰጣት ተብሏል፤ የታመመ ልጅ ሆዱ ይቅለለው ነው የሚባል። እኔ አስተማሪው ያለው ትዝ ይለኛል። ወታደር ያለ ስንቅ እንዴት ይዋጋል? የባቄላ ንፍሮ አላምጬ፣ አዎ፣ በገዛ ጥርሴ አላምጬ፣ እናቴ ዞር ስትል አጎርሳታለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ወር ውስጥ ያላደረግሁባት ጥፋት የለም። ስትውጥ በሆዷ ውስጥ ነጫጮቹ ወታደሮች በዳማ ፈረስ ላይ ሆነው ሲሰለፉ ይታየኛል። ብርቱዎች አይመስሉኝም ነበር። ቀጫጭኖች ናቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ ድንች።»

እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ትኩሳቱ ወርዷል። ሰውነቷ ላይ ከክንዷ በቀር አንዲት ነጥብ አልወጣባትም።

በዚያው ሰሞን ከማዶ ያለው ቤት ልጅ መታመሙ ሳይታወቅ በፊት ወደ እኛ ጓሮ መጥቶ ከትሁን ጋር ሲጫወት እንደዋለ ተሰማ። እናቴ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ቀን ቆጠርን። አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን። ልጁ ፊቱ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ትሁን ምንም አልሆነችም፤ ትሮጣለች፣ ትሰድባለች፣ ድንች ትበላለች።

አባቴ ይህን ሁሉ አየ። በማግሥቱ ዳማውን ጫነና ኮሶ በር ሄደ። ሲመለስ ድሬሰሩ በፈረሱ ላይ ነው፤ ጭቃ ሹሙ ልጓም ይዞ በእግሩ ይመጣል። መንደሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ያን ቀን ሁዳዴው ገና አላለቀም፤ ቄሱም መጥተው ከተሰለፈው ሰው መሐል ቆሙ፤ ለመባረክ ነው የመጣሁት አሉ፤ እጅጌያቸው ግን ተሰብስቦ ነበር።

ድሬሰሩ ሁሉንም ከተበ። ትሁን ዘንድ ሲደርስ ክንዷን ይዞ ቆመ።

«ይቺ ተከትባለች። ማን ነው የከተባት?»

ሁሉም ጣቱን ወደ አያ ስንሻው ቀሰረ።

ድሬሰሩ ጠባሳውን ተመለከተ፣ ሽማግሌውን ተመለከተ። ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የሰው ፈንጣጣ አይደለም። ይህ የኛው ክትባት ነው። ከየት አመጡት?»

ድሬሰሩ ሳጥኑን ከፍቶ ብልቃጦቹን ይቆጥር ጀመር። አባቴ ዓይኑ ጠበበ፤ ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የጨው ነጋዴውን ያየበት ዓይን ነው።

«ሰረቁት?» አለ። «የመንግሥት መድኃኒት ሰረቁ?»

አያ ስንሻው ቀስ ብለው መጡና ጆሮዬን ያዙኝ፤ ያችን ስጠብቃት የከረምኳትን ጆሮ፤ ከአጥሩ ኋላ ወስደው ከቀጋው ቁጥቋጦ አጠገብ አቆሙኝ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። «ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው።

የሰም ሽታ ይሸተኛል፤ ቀፎዋን ከቤት አውጥተው በጉያቸው ይዘዋት ነበር።

«ብትሞት ኖሮ ገዳዩ እኔ ነኝ ብዬ እሞት ነበር» አሉኝ። «አንዷን ተሸክሜ ኖሬአለሁ፤ ወገቤ ለምዶታል፣ ሁለተኛዋን ጨምሮ ይችላል። አንተ ግን በአሥር ዓመትህ ጎብጠህ ትቀር ነበር። አሁን ግን ድናለች። ገዳይ መባሉን ችያለሁ፣ ሌባ መባሉን አልችልም። በል፣ ዕንባህን ጥረግና ሂድ፤ እውነቱን ተናገርና ግርፊያህን ተቀበል።»